የወጣቶች ስፖርትና የአካል እንቅስቃሴ ጥናቶችን መገምገም፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስፖርት ሳይንስና ጤና የሚያጠኑ ልጆች ቡና እንጋብዝህ ብለው ይጠሩኝና ቡናው ሳይቀዳ ላፕቶፕ ይከፍታሉ። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። አንዱ ከመሃል ሜዳ ይደውላል፣ ሌላዋ ከሸዋ ሮቢት፤ ሁለቱም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ሁሌ አንድ ነገር እየደጋገምኩ ከማወራ እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመቶቹ "ዓ.ም." ካላልኩ በቀር በፈረንጅ ናቸው።

ሪቪው ማለት የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ሁለት ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። እውነቱን እንነጋገርና ምዕራፍ ሁለት ላይ የምትጠቅሱት የራሳችሁን ሐሳብ የሚደግፍላችሁን ነው። ሪቪው ግን ሌሎች የሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ የሚመዝን፣ ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ጥያቄው ቀድሞ ይቀመጣል። የት የት እንደሚፈለግ ይጻፋል። ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ የሚወሰነው ጽሑፎቹን ከማየታችሁ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ውጤት ባይጥማችሁም፣ መስፈርቱን ካለፈ ይገባል። ሌላ ሰው የናንተን መንገድ ተከትሎ ቢሠራ እዚያው የጽሑፍ ክምር ላይ መድረስ አለበት።

ሁለት ዓይነት በብዛት ታገኛላችሁ። ሲስተማቲክ ሪቪው ጠባብ ጥያቄ ይዞ መልሱን ይፈልጋል፦ "በትምህርት ቤት የሚሰጥ ፕሮግራም የልጆችን እንቅስቃሴ ይጨምራል ወይ?" እንደማለት። ስኮፒንግ ሪቪው ደግሞ እስካሁን ምን እንደተሠራና ምን እንዳልተነካ ያያል፤ አርክሲና ኦማሊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2005 መንገዱን ጽፈውታል። በአገራችን ወጣቶች ላይ የተሠሩት ጥናቶች የተበታተኑ፣ መለኪያቸውም የተለያየ ስለሆነ እኔን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ሥራ ስኮፒንጉ ይሻላል እላለሁ። አማካሪዎች ግን "ሲስተማቲክ" የሚለውን ስም ይወዱታል፤ ምን ይደረግ።

አጻጻፉን በተመለከተ ፕሪዝማ 2020 የሚባል 27 ነጥብ ያለው ዝርዝር አለ። ለስኮፒንግ ሪቪው በ2018 የወጣ ለብቻው የተዘጋጀ ዝርዝር አለው። ሲስተማቲክ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ፕሮስፔሮ በሚባለው የሪቪው ዕቅዶች መዝገብ ላይ ዕቅዱን አስመዝግቡ። ስኮፒንግ ሪቪው ግን ፕሮስፔሮ አይቀበልም፤ ሁለት ሳምንት ፎርም ሞልታ የተመለሰባት ልጅ ስላለች ነው ይህን የምጽፈው።

ርዕሴ "የወጣቶች ስፖርት በኢትዮጵያ" ነው። ይበቃል?

በጣም ሰፊ ነው። መጀመሪያ ወጣት ማን ነው? የ1996 ዓ.ም. የአገራችን ወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ15 እስከ 24። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጎረምሳነትን ከ10 እስከ 19 ያደርገዋል። የትኛውን እንደያዛችሁ ካልጻፋችሁ ገምጋሚው የመጀመሪያውን ቀይ መስመር እዚያው ያሰምራል።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በሳምንት ውስጥ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴ ይላል። 18 ከሞላ ግን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ይበቃል። አሁን አንድ የ11ኛ ክፍል ዴስክ አስቡ። አንዱ 17፣ አጠገቡ ያለው 19 ዓመቱ ነው። ሁለቱም በቀን 40 ደቂቃ ይንቀሳቀሳሉ፣ በሳምንት 280 ደቂቃ። በመመሪያው መሠረት አንዱ "በቂ እንቅስቃሴ የማያደርግ" ይባላል፣ ሌላው ጎበዝ ይባላል። አንድ ሜዳ ላይ፣ አንድ ኳስ እየተጫወቱ! የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጥናት አንድ ሠንጠረዥ ላይ ደባልቆ አማካይ ማውጣት ለዚህ ነው የሚያስቸግረው።

አንድ ነገር ልጨምር። የ2010 መመሪያ "በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ" ነበር፤ የ2020ው "በአማካይ" ሆነ። ስለዚህ አንድ ጥናት የትኛውን እንደተጠቀመ ካላያችሁ በአሮጌው መስፈሪያ የተሰፈረውን በአዲሱ ከተሰፈረው ጋር ታወዳድራላችሁ።

ስፖርትና የአካል እንቅስቃሴ ያው አይደለም?

ብዙው ሪቪው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ለመመረቂያው መጠይቅ ሲያስሞላ ላግዘው መንዝ ሄጄ ነበር፣ ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። ጋቢዋን ደርባለች፤ ጣቷ ከብርዱ የተነሳ እስክሪብቶ አልይዝ ብሏት እፍ እፍ እያለች ታሞቀዋለች። "ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ቀን ስፖርት ሠራሽ?" የሚለው ላይ ስትደርስ ዜሮ ጻፈች። ምንም አላመነታችም። ወረቀቱን ከሰበሰብን በኋላ እንዲያው ለወሬ ያህል ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ከዚያ ከጋራው ወዲያ።"

ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

"በሶምሶማ ከመጣሁ አንድ ሰዓት። ስመለስ ዳገት ስለሆነ ይቆያል።"

ውሃስ ማን ይቀዳል? ሳቀችብኝ። "እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?"

ጀሪካኑ ባለ 20 ሊትር ነው፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ማለት ነው፣ በጀርባ። ትምህርት በሌለበት ቀን በግ ጥበቃና ኩበት ለቀማ አለ። በመጠይቁ መሠረት ግን ይህች ልጅ የማትንቀሳቀስ ናት። በባጃጅ ትምህርት ቤት የሚመላለሰውና በሳምንት ሁለቴ ኳስ የሚጫወተው የከተማ ልጅ ደግሞ ንቁ ተብሎ ይመዘገባል።

ልጅቷ አልዋሸችም። "ስፖርት" ሲባል እሷ የገባት ቱታ ለብሶ፣ ፊሽካ እየተነፋ፣ ሜዳ ላይ የሚደረገው ነው። በጥናት ቋንቋ የአካል እንቅስቃሴ ማለት ግን፣ ካስፐርሰንና ባልደረቦቹ በ1985 ከጻፉት ጀምሮ፣ በጡንቻ የሚደረግና ጉልበት የሚያስወጣ ማንኛውም የሰውነት ንቅናቄ ነው። ስፖርት ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ መጠይቁ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም "ስፖርት" ሆነው ይመጣሉ። ስለዚህ የትኛውም ጥናት ላይ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት መጠይቁ በአማርኛ ምን ብሎ እንደጠየቀ ፈልጉ። አባሪው ላይ ከሌለ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፉ። አብዛኞቹ ይመልሳሉ።

ሸክም ስፖርት ነው እያልኩ ግን አይደለም። ውሃ መቅዳት ጨዋታ የለውም፣ ጓደኛ አያፈራም፣ ልጅቷም ቢቀርላት ደስ ይላታል። ኤይም የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2013 ባወጡት ሪቪው 30 ጥናት አይተው፣ ስፖርት በተለይም በቡድን የሚደረገው ከልጆች የተሻለ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ሁኔታ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ጽፈዋል። ይህን ጥቅም ጀሪካን አይሰጥም። ለዚህ ነው ሁለቱን በሁለት ዓምድ መዝግቡ የምለው፤ አንዱ "ምን ያህል ተንቀሳቀሰ"፣ ሌላው "ስፖርት አግኝቷል ወይ"።

የትኛው መለኪያ ይሻላል? መጠይቅ ወይስ ያ ወገብ ላይ የሚታሰረው?

ያ ወገብ ላይ የሚታሰረው አክስለሮሜትር ይባላል። ንቅናቄን በራሱ ይቆጥራል፤ ሰው እንደሚረሳው አይረሳም፣ ጉራም አያውቅም። ግን ውድ ነው። ደግሞም ሰው 20 ኪሎ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ መሣሪያው የሚያየው ቀስ ያለ እርምጃ ብቻ ነው። ሸክሙን አያይም። ለመንዝና ለአንኮበር ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

መጠይቆቹም ይለያያሉ። ጂፓክ ሥራን፣ መንገድን እና የትርፍ ጊዜን ለየብቻ ስለሚጠይቅ ለገጠር ይሻላል፤ ስቴፕስ የሚባለው የ2015 አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ሲያጠና የተጠቀመው እሱን ነው። አይፓክ አጭሩ ቅጽ የተዘጋጀው ከ15 ዓመት በላይ ላሉ ነው፤ 12 ዓመት ልጅ ላይ የተጠቀመ ጥናት ካገኛችሁ ድክመት ብላችሁ መዝግቡ። ለልጆች የተሠራው ፓክ-ሲ የመጣው ከካናዳ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ የበረዶ ሆኪና የበረዶ ሸርተቴ አለ። እኛ ጋ ውርጩ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል እንጂ የሚያንሸራትት በረዶ የለም! ጥያቄው እነዚህን አውጥቶ ሰኞ ማክሰኞን፣ ገመድ ዝላይን፣ ገናን ካልተካ ልጁ ግማሹን መስመር ባዶ ይተወዋል። ያስተካከሉ ተመራማሪዎች አሉ። ያላስተካከሉም አሉ። ሪቪው ላይ ለዩአቸው።

መረጃው የተሰበሰበበትን ወርም ጻፉ። "ባለፉት ሰባት ቀናት" የሚለው ጥያቄ አጨዳ ላይ ሲጠየቅና ሐምሌ ላይ ጭቃው ጉልበት ሲደርስ ሲጠየቅ መልሱ አንድ አይሆንም። 55 ቀን ጾም ላይ የገባ ሳምንትም እንደዚያው ነው። ብዙ ጽሑፍ ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ ፈልጋችሁ አውጡት።

"ከአምስት ወጣት አራቱ በቂ እንቅስቃሴ አያደርግም" የሚባለው እኛንም ይመለከታል?

ይህ ቁጥር ጉትሆልድና ባልደረቦቿ 2019 መጨረሻ ላይ ያወጡት ነው። 146 አገሮች፣ 298 ዳሰሳ፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎች። የ2016 ግምታቸው 81 በመቶ ነው፤ ሴቶች 85፣ ወንዶች 78 ገደማ። ትልቅና ጠቃሚ ሥራ ነው፤ መግቢያችሁ ላይ ጥቀሱት።

ግን "ተማሪዎች" የሚለው ላይ ቁሙ። ዳሰሳው ትምህርት ቤት ውስጥ የተገኘ ልጅ ነው የጠየቀው። በግ ይዞ ጓሳ ዳር የዋለው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ሲጭን የዋለው አልተጠየቀም። ስለዚህ ቁጥሩን ወስዳችሁ "የሰሜን ሸዋ ወጣት 81 በመቶው" ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሲጻፍ አይቻለሁ፣ ያውም ማጠቃለያ ላይ።

ለአገራችን የሚቀርበው የልጆችና ወጣቶች እንቅስቃሴ ሪፖርት ካርድ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 ከገቡት 49 አገሮች አንዷ ናት። ልክ እንደ ተማሪ በፊደል ውጤት ይሰጣል፦ ለጠቅላላ እንቅስቃሴ፣ ለተደራጀ ስፖርት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመንግሥት እያለ። እሱን ሳያነቡ የአገር ውስጥ ሪቪው መጀመር አይገባም ባይ ነኝ።

የት ልፈልግ? ጉግል ስኮላር አይበቃም?

ለብቻው አይበቃም። ፓብሜድ፣ የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን እና ስፖርትዲስከስ ጨምሩ። ሂናሪ በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት መንገድ የአገራችን ተቋማት ውድ ጆርናሎችን በነፃ ያገኛሉ፤ የይለፍ ቃሉን ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ጠይቁ። ያልታተሙ የመመረቂያ ጽሑፎችን ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ላይና ብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ ላይ ፈልጉ። የወጣቶች ስፖርት ላይ የተሠራው ብዙው ሥራ አልታተመም፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ነው ያለው።

አሁን የኛን አገር ልዩ ጣጣ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ "ደብረ ብርሃን" በላቲን ፊደል በአራት አምስት ዓይነት ይጻፋል። አንዱ ያያይዘዋል፣ አንዱ ይለያየዋል፤ አንዱ "ብ"ን በ"ኢ" ሌላው በ"አይ" ይጽፋታል። ሸዋም እንደዚያው፤ አሮጌዎቹ ጽሑፎች "ሾአ" ይሉታል። ሁሉንም "ወይም" በሚለው ማያያዣ ደርድሩ፤ አለዚያ ግማሹን ታጣላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው። አንዱ አማራ ክልል ነው፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ነው፣ መቀመጫው ፍቼ። ርዕሱ "ሰሜን ሸዋ ዞን" ብሎ ዝም ሲል የወረዳዎቹን ስም እስክታዩ አትመኑ። ኩዩ ካለ ወዲያ ነው፤ ባሶና ወራና ካለ ወዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ የስማችን ጉዳይ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። አንዱ ጸሐፊ "ከበደ፣ 2014" ይላል፣ ሌላው ያንኑ ሰው በራሱ ስም "አበበ፣ 2014" ብሎ ይጠቅሰዋል። ኤክሴላችሁ ላይ አንድ ጥናት ሁለት ሆኖ ይቀመጣል። በርዕስ ደርድራችሁ ካላያችሁ አታገኙትም።

አራተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ሽፋኑ ላይ "2011" የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ አግኝቼ፣ መስፈርቴ ከ2015 ወዲህ ስለነበር አውጥቼ ጣልኩት። ለካ 2011 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 2018 ወይም 2019 ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው የታየኝ። ስንት እንደዚያ የጣልኩት እንዳለ ለማየት ከመጀመሪያው ደገምኩት፤ መብራት ደግሞ ያን ሳምንት ሆን ብሎ የሚጠፋ ነበር የሚመስለው።

ሮጦ ትምህርት ቤት መመላለስ አትሌት ያደርጋል የሚል ጥናት አለ አሉ። እውነት ነው?

ጥናቱ አለ። በ2003 የግላስጎ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን የአትሌቲክስ ሰው ካልሆኑ ኢትዮጵያውያን ጋር አወዳደሩ። የማራቶን ሯጮቹ በብዛት ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ሆነው ተገኙ። በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ የሄዱትና እየሮጡ የሄዱትም ከነሱ መካከል በዝተው ታዩ።

እኛ ይህን ስንሰማ ደረታችንን እንነፋለን። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ መንዲዳ አጠገብ ጃቶ ላይ ነው፤ ጌጤ ዋሚ የጫጫ ልጅ ናት። ግን ሪቪው ጸሐፊ ደረቱን ከመንፋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ እየሮጡ ተምረው አትሌት ያልሆኑትስ? ጥናቱ የጀመረው ከተሳካላቸው ነው፣ ወደኋላ ሄዶ ልጅነታቸውን ጠየቀ። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ለስንት ዓመት ሮጬ ተመላልሻለሁ፤ ዛሬ ጠባሴ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። እኔን ማንም ተመራማሪ መጥቶ አልጠየቀኝም። "አብሮ ታየ" እና "አመጣው" የሚባሉት የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው።

ከፍታውም እንደዚያው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ወጣቶች ላይ የተሠራ የአካል ብቃት ጥናት የትኛው ከፍታ ላይ እንደተለካ ካልተናገረ፣ የሩጫ ሰዓቱን ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። ደግሞ በ2003ቱ ጽሑፍ "ሸዋ" ሲባል የዛሬው ዞን ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ የጥንቷ ሸዋ ሰፊ ናት።

የጥናቱን ጥራት እንዴት ልመዝን?

መመዘኛ ቅጾች አሉ፤ እንደ ጥናቱ ዓይነት ይለያያሉ፤ አማካሪያችሁ የሚያውቀውን ውሰዱ። እኔ ግን ቅጹን ከመሙላቴ በፊት አራት ነገር አያለሁ። ናሙናው ከየት መጣ? ከከተማ ሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ተወስዶ "የዞኑ ወጣቶች" ተብሎ ከሆነ ዕዳ ነው። ምን ተብሎ ተጠየቀ? ይህን ከላይ ብዬዋለሁ። ስንቱ እምቢ አለ? አራተኛ፣ መደምደሚያው ከመረጃው ይበልጣል ወይ? በአንድ ቀን የተሰበሰበ መረጃ ይዞ "እንቅስቃሴ ድብርትን ይቀንሳል" የሚል ካለ ይበልጣል። የደበረው ልጅ ቤቱ ተቀምጦም ሊሆን ይችላላ።

የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችን በተመለከተ ኮክሬን የሚባለው የጤና ሪቪው አውጪ ድርጅት በ2021 ያወጣውን አንብቡ። 89 ጥናት፣ ከ66 ሺህ በላይ ልጆች። ብዙዎቻችን የጠበቅነው "ይሠራል!" የሚል ነበር። ውጤቱ ቀዝቃዛ ነው፦ የመካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴ ደቂቃ ላይ ለውጡ ትንሽ ነው ወይም የለም፤ የአካል ብቃት ላይ ግን መጠነኛ መሻሻል ሊኖር ይችላል። ጥናቶቹ በብዛት ከሀብታም አገሮች ስለሆኑ፣ አንድ ኳስ ለ70 ልጅ በሚደርስበት የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ላይ ምን እንደሚሆን አይነግሩንም።

የሴቶች ቁጥር ሁልጊዜ ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው?

ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የመለኪያ ችግር ይመስለኛል። እውነቱ፦ ሴት ልጅ ከትምህርት መልስ የቤት ሥራ ይጠብቃታል፣ ሜዳው የወንዶች ነው፣ ቁምጣ ለብሳ ብትሮጥ ስም ይወጣላታል፣ በወር አበባ ጊዜ መለወጫ ቦታ የለም። የመለኪያው ችግር ደግሞ የመንዟ ልጅ ናት። ሪቪው ላይ የሴቶችን ውጤት ስታወጡ ጥናቱ የቤት ውስጥ ሥራን ቆጥሯል ወይ የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ልዩነቱ የሚጠብበትም የሚሰፋበትም ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ብቻዬን ልሥራው?

ፍለጋውን አዎ፤ ማጣራቱን ግን ሁለት ሆናችሁ፣ ሳትተያዩ። ስትለያዩ ሦስተኛ ሰው ይፍረድ። ራያን የሚባለው ድረ ገጽ ለዚህ ይመቻል፤ ዞቴሮ ደግሞ ማጣቀሻ ለመያዝ። ሁለቱም ላይ በነፃ መጀመር ይቻላል።

ሜታ-አናሊሲስ (የጥናቶቹን ቁጥር በስሌት አንድ ላይ ማዋሃድ) ብጨምርበት አያምርም?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ስድስት ጥናት አግኝታችሁ፣ ሁለቱ በመጠይቅ፣ አንዱ በመሣሪያ፣ ሦስቱ "ስፖርት ትሠራለህ ወይ" ብለው የጠየቁ ከሆነ፣ ደምራችሁ የምታወጡት ቁጥር የማንም አይደለም። የጥናቶቹን ውጤት መለያየት የሚያሳየው አይ-ስኩዌር 95 በመቶ ብሎ ሲጮህ "ልዩነቱ ከፍተኛ ነው" ብሎ ማለፍ ፋሽን ሆኗል። በቃል ግለጹት፣ በሠንጠረዥ አሳዩት፣ በቃ።

ኤአይ ቢሠራልኝስ?

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ያስተካክልላችሁ፤ ማጣቀሻ ግን አታስፈልጉት። የሌለ ጽሑፍ፣ ከነጸሐፊው ከነዓመቱ፣ አሳምሮ ይሰጣል። አንድ ልጅ አራት እንደዚህ ያሉ ይዞ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊከላከል ገብቶ ነበር፤ መርማሪው ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፈለገ። ቀሪውን አልተርከውም።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልገኛል?

የታተመ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ የምታዩት በአብዛኛው አያስፈልግም፤ የተቋማችሁን ደንብ ግን ጠይቁ። የምታካትቷቸው ጥናቶች ግን ከ18 በታች ያሉትን ሲጠይቁ የወላጅ ፈቃድም የልጁም ስምምነት ነበራቸው ወይ የሚለውን መዝግቡ።

"በሦስት ቀን እናሳትምልሃለን፣ ክፈል" የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ልላክ?

አትላኩ። በሦስት ቀን ማንም ገምጋሚ አንብቦ አይጨርስም። ጆርናሉ ዶአጅ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዩ፣ የአዘጋጆቹን ስም ፈልጉ። እዚያ ዓይነት ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት ለሪቪው ካገኛችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትጣሉ፤ በመስፈርታችሁ መዝኑት። አንዳንዱ ደህና ሥራ ነው፣ ልጁ ተታሎ ነው።

ፈልጌ ፈልጌ ስለኔ ወረዳ አንድም ጥናት አላገኘሁም። ርዕስ ልቀይር?

ለምን? እሱም ውጤት ነው። የት የት እንደፈለጋችሁ፣ በምን ቃል፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት መጥቶ ስንት እንደወጣ በፕሪዝማው ሥዕል አሳዩ። ከዚያ ካርታ ሥሩ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ያህል፣ ሸዋ ሮቢት ይህን ያህል፣ መርሐቤቴ ባዶ፣ አንጾኪያ ባዶ። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለች ባለ አንድ ገጽ ካርታ በአማርኛ አዘጋጅታ ለወረዳዋ ስፖርት ባለሙያ ይዛ ሄደች። ሰውዬው ባዶዎቹን ቦታዎች በጣቱ እየነካ ቆየና "እዚህ ሜዳ አለ፣ እዚህ ግን የለም፤ ማንም ጠይቆን አያውቅም እኮ" አላት። ቀጣዩን መጠይቅ አብረው ነው ያረቀቁት፤ የመጀመሪያው ጥያቄ "ትናንት ከነጋ እስከ መሸ ምን ምን ሠራህ?" ይላል።